ሕመምተኛውን መዝኑት፣ ከዚያም መግቡት

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የጤና ባለሙያ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ ሰው ቀጭን ከሆነ ቶሎ ያገግማል፤ ገዳዩ ውፍረት ነው» ሲሉ ሰማሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እናት አባቱን ለቀበረ የወሎ ሕዝብ ክሳትን እንደ ጤና መስበክ ያስቆጣል።

ማስረጃቸው ደግሞ «ቀጭኑን ለማገላበጥ ይቀላል» የሚል ነው። ለአስታማሚ መቅለል ለሕመምተኛው መዳን የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አጥንቱ ቆዳውን እየጫነ ጀርባው ቶሎ የሚቆስለውም ያው የከሳው ነው።

ውፍረት ለስኳርና ለልብ በሽታ እንደሚያጋልጥ አልክድም። ክርክሩ ግን ከታመሙ በኋላ ማን ይተርፋል በሚለው ላይ ነው። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ተቃራኒውን ነው፦ ክብደታቸው ከመደበኛው ከፍ ያለ ሕሙማን ብዙ ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል፤ ሞት የበረታው ከቁመታቸው ጋር የተሰላ የክብደት መለኪያቸው ከ18.5 በታች በሆኑት ላይ ነው። ጽኑ ሕመም ሥጋን ይበላልና። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት፣ ሕሙማን በ10 ቀን ውስጥ ከጭን ጡንቻቸው 18 በመቶ ገደማ እንዳጡ ለክቶ አሳይቷል። ስንቅ ይዞ የገባና ባዶ እጁን የገባ እኩል አይወጡም።

ታላቅ እህቴ ታማ የገባች ጊዜ እናቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ በር ላይ ብትቆም፣ «እናቴ፣ ምግቧ በደም ሥሯ እየገባላት ነው» ተባለች። የተሰቀለው ግሉኮስ ነበር። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ነው፤ ቢበዛ 200 ካሎሪ ይሰጣል፣ ፕሮቲን የሚባል ነገር የለውም። ከአንድ ትንሽ ዳቦ አይበልጥም! አምስት ቀን በዚህ ቆየች። የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ በአፉ መብላት ያቃተው ሕመምተኛ፣ የሚከለክለው ነገር ከሌለ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ በቱቦ መመገብ ይጀምር ይላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ደሙ እየተመረመረ ቀስ በቀስ መመገብ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ይህ ግን በጥንቃቄ ለመመገብ እንጂ ላለመመገብ ምክንያት አይሆንም።

የመዘናትም አልነበረም። ካርዷ ላይ በግምት «50» ተብሎ ተጽፏል፤ መድኃኒቷም በዚያው ተሰላ። የአልጋ ሚዛን ውድ ነው ይሉኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃናትን ክንድ የምትለካበት ባለቀለም ጥብጣብስ? ክንዱ 11.5 ሴንቲሜትር ያልሞላ ሕፃን ስታገኝ ሳትውል ሳታድር ወደ ሕክምና ትልከዋለች። የአዋቂን ክንድ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ በየሦስት ቀኑ መመዝገብ ስንት ብር ያስወጣል?

እህቴ ተረፈች። በወጣች ቀን ክንዷን ስይዝ አውራ ጣቴና መሀል ጣቴ ተገናኙ። ረከቦት ፊት ተቀምጣ ጀበና ለማንሳት አራት ወር ፈጀባት።