የንጋቷ ሰዓት የማን ናት?

ባለፈው ወር አንድ የሴቶች ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው። ንግግር ይችላል፣ ቅን ሐሳብ እንዳለውም ያስታውቃል። «ስኬታማ ሴት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች» አለን። አዳራሹ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ግን እስክሪብቶዋን አላነሳችም። ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «እኔማ 10 ሰዓት ነው የምነሳው» አለችኝ። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ልጆቿን ለትምህርት ቤት ከመቀስቀሷ በፊት 50 እንጀራ ከምጣድ ታወጣለች።

ይህቺ ሴት እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። ማልዶ መነሳት ብቻውን ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እሷ የት በደረሰች ነበር።

በስሕተት እንዳትረዱኝ፣ የዕለት ልማድ ሰውን ይሠራል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ቀን የማይታይ ነገር በአምስት ዓመት ቤት ይሆናል፣ ዲግሪ ይሆናል፣ ሱቅ ይሆናል። ግን ለሴቶች ስለ ልማድ ስንመክር አንድ ነገር እንዘላለን። የአገሬ ሴት ትጋት አልጎደላትም። የጎደላት የራሷ ሰዓት ነው። 10 ሰዓት የምትነሳው ለምጣዱ ነው። 12 ሰዓት የልጆቹ ነው። ከሰዓት የገበያው፣ ማታ የእንግዳው። ቀኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተይዟል፣ በእሷ ስም የተያዘ ሰዓት ግን የለም።

ይህ ነገር አነጋገራችን ውስጥም አለ። ስለ ወንድ «ባለሙያ ነው» ሲባል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ጎበዝ አናጢ ይታየናል። ስለ ሴት «ባለሙያ ናት» ሲባል የሚታየን ዶሮ ወጧ ነው። ዶሮ ወጥ ቀላል ነው አላልኩም። ሽንኩርቱን ሳያሳርሩ ማቁላላት ብቻ ስንት ትዕግሥት እንደሚፈልግ የሠራ ያውቀዋል። የሚያሳዝነኝ ሙያዋ ሁሉ ለሌላ ሰው በሚቀርብ ነገር ብቻ መለካቱ ነው። ቀስ እያለች እሷም በዚያው መለኪያ ራሷን ትለካለች። ከንጋት እስከ ምሽት ስትሠራ የዋለችን ሴት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። «ኧረ ምንም፣ ቤት ነኝ» ትላችኋለች። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይም አይቻለሁ። ጉዳዩን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው ሴት እጇን አውጥታ፣ «እኔ እንኳ ብዙም አላውቅም፣ ግን…» ብላ ትጀምራለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ባደገችበት አገር ይህ አይገርምም። አስተሳሰብ የምንለው ነገር በየቀኑ ከአፋችን በሚወጡ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ቃላት ነው የሚገነባው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ መልሱን ያገኘሁት እቁብ ውስጥ ነው።

ጉሊት የምትቸረችር ሴት ቤቷ ያስቀመጠችው ብር አይበረክትም። ያባከነችው እሷ ላትሆን ትችላለች። ልጅ ደብተር ይላል። ዘመድ ይመጣል። ጎረቤት «እስከ ቅዳሜ አበድሪኝ» ትላለች። እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል፣ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ወንዱንም ይይዘዋል፣ ሴቷን ግን አንቆ ነው የሚይዛት። እምቢ ያለች ሴት ክፉ ትባላለች፣ ስስታም ትባላለች፣ «ሰው ናቀች» ትባላለች። ይህችው ሴት ግን «እቁብ አለብኝ» ካለች ማንም አይቀየማትም። እንዲያውም «እሱንማ እንዳታጎድይ» ይላታል ጠያቂው ራሱ። እቁብ ቀልድ አይደለማ። ሁሉም በየሳምንቱ እኩል ይጥላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፣ ከወሰደ በኋላም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ያጎደለ ሰው ስሙ ይጠፋል። ዋሱም ይያዛል።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። ያቺ ሴት ከእቁብ በፊትም ከእቁብ በኋላም ያው ሴት ናት። ጠባይዋ አልተለወጠም፣ ገቢዋም አልጨመረም። የተለወጠው ብሩ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ዕዳ መሆኑ ነው። «አለብኝ» የምትለው ነገር አገኘች። ለራሷ የምታስቀምጠውን ለሌላ ሰው የሚከፈል ዕዳ አስመሰለችው፣ ስለዚህ ተከበረላት።

ሰዓትም እንዲሁ መያዝ አለበት ባይ ነኝ። «ጊዜ ካገኘሁ አነባለሁ» የምትል ሴት ጊዜ አታገኝም። ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሂሳብ አያያዝ የምትማር ሴት ግን ታገኛለች። የሚጠብቃት ሰው አለ። ከቀረች የምትጠየቅበት ቦታ አለ። ባሏም፣ ልጆቿም፣ ጎረቤቶቿም በጊዜ ይለምዱታል። መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም አይቀርም። ከሁለት ወር በኋላ ግን «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የለችም» ማለት ይጀምራሉ።

ሯጮቻችንን ተመልከቱ። ንጋት ላይ እንጦጦ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ብትሄዱ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ብዙም አታዩም። በቡድን ነው። አሠልጣኝ አለ፣ ሰዓት የሚይዝ አለ። ስለ እነሱ ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው ማልደው መነሳታቸውን ነው። ከልምምድ በኋላ መተኛታቸውን ግን አንሥተን አናውቅም። ለሯጭ ዕረፍት የሥራው አካል ነው። ከሰዓት በኋላ ተኝታ ላገኟት አትሌት «ሰነፍ» የሚላት የለም። 10 ሰዓት ተነስታ ስትጋግር የዋለችዋ ሴት ቀትር ላይ ጋደም ብትልስ ምን እንላታለን?

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወልዳ ተመለሰች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት እንደገና ወርቅ አጠለቀች። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ወልዶ መመለስ የግል ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ልጁን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የልምምዷን ሰዓት የሚያከብር ቤተሰብ ያስፈልጋል። ትዕግሥት አሰፋም አለች። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። ጉዳት ሲያስቸግራት ከመም፣ ማለትም ከስታዲየም ሩጫ፣ ወጥታ ወደ ጎዳና ሩጫ ሄደች። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አንዱ መንገድ አልሆን ሲል ሌላውን መሞከር ሽንፈት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

«አስተሳሰብሽን ቀይሪ» ማለት ብቻውን ግን አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ የመቃወም መብትም ነበረው። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር ለምትኖር ሴት የቱ ምክር ይረዳታል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን አስቀርቶ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን አብረው እንዲያስተዳድሩ አደረገ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽረው ነበር። ቀድሞ በዋለባቸው ቦታዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ይበልጥ መጨመራቸውን አገኙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል። ለእንጀራ ጋጋሪዋ ግን ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የለም። ስለዚህ ቢያንስ ቤቷ ይስጣት።

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ስላየሁት ነው። እማዬ ከ6ኛ ክፍል ነው ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ትዳር ሲመጣ። እኔ 9ኛ ክፍል ስገባ እሷ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ሰፈሩ ተነጋገረ። «ምን ጎደላት?» ተባለ። አንዷ ጎረቤታችን «በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ ስትሄጂ አታፍሪም ወይ?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። እማዬ «ከፍዬበታለሁ፣ መሄድ አለብኝ» ብቻ ነበር መልሷ። ሌላ ክርክር አልገጠመችም። ያቺ «አለብኝ» እንዴት እንደሠራች ዛሬ ነው የገባኝ። በዚህ መሐል የምትነሳበት ሰዓት አልተለወጠም። ድሮም ከዶሮ ጋር ነበር የምትነሳው። የተለወጠው ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት እማዬን መጥራት አይቻልም ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ቤታችን ተተራመሰ። አባቴ ዝም አለ፣ ዝምታው ግን ይከብድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምናቀርብ አናውቅም። ሊጡ ገንፍሎ ያገኘንበት ቀን አለ። አንድ ቀን ወጡን አሳርሬው ሁላችንም እንጀራ በበርበሬ በላን። ቤቱ ግን አልፈረሰም። አባቴ ከወራት በኋላ፣ ዝናብ የጣለ ማታ፣ ምንም ሳይናገር ጃንጥላ ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊጠብቃት ሄደ።

እማዬ 8ኛ ክፍልን ጨርሳ 10ኛ ደረሰች። በኋላ የቀበሌው የሴቶች የብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆነች፣ መዝገቡን በራሷ እጅ ጽሑፍ ነበር የምትይዘው። ወንድሜ ደግሞ ሻይ ማፍላት የተማረው እማዬ የማታ ትምህርት በጀመረችበት ዓመት ነው። ዛሬ ሚስቱ ረቡዕ ማታ ሥልጠና አላት፣ እራት የሚያቀርበው እሱ ነው።