አንገቱ ይፈታል ወይ?

ኤሌክትሪክ ጊታር መምረጥ የእጅና የጆሮ ጉዳይ ነው ይባላል። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግን በዶላር የተገዛ ዕቃ ሁሉ የሕንፃው ጉዳይ ነው። ማታ ማታ ቦሌ የሚጫወተው ጎረቤታችን፣ ከዋሽንግተን የመጡት አጎቱ ሁለት ጊታር ይዘው «አንዱን ያዝ፣ ሌላውን መልሼ እወስዳለሁ» ሲሉት፣ ምርጫው ከእጁ እንደወጣ ወዲያው ሊገባው ይገባ ነበር።

አንዱ የጊብሰን ኩባንያ ሌስ ፖል፣ ሌላው የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952፣ ሁለተኛው በ1954 ገበያ ከወጡ ወዲህ የጊታር ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይከራከርባቸዋል፤ ክርክሩም ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የስትራቶካስተሩ ክር የሚርገበገብበት ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሌስ ፖሉ 628 ገደማ ነው። ሁለቱ በተመሳሳይ ክርና ቅኝት ሲወጠሩ ረጅሙ ጠንከር፣ አጭሩ ለስለስ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ትዝታ ሲጫወት ክሩን በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ማስለቀስ የሚፈልግ ሰው፣ ያቺን የጣት ውፍረት ሌሊቱን ሙሉ በጣቱ ጫፍ ይከፍላታል።

የጎረቤታችን እናት ግን ስለ ጣት ጫፍ የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም። የስትራቶካስተሩ ቀለም ክንድ በሚያርፍበት በኩል ተፍቆ እንጨቱ ይታያል፤ ብሎኖቹም ዝገዋል። «ወንድሜ፣ ለልጄ ሳልባጅ አመጣህለት?» አሉ። አጎትዬው ጊታሩ አዲስ መሆኑን፣ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሆን ብሎ እያስረጀ እንደሚሸጥ፣ ለተፋቀበትም ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚከፈል አስረዱ። የሶፋው ላስቲክ ገና ባልተገፈፈበት ቤት ይህን ማስረዳት ለማንም አይመከርም። እናትዬው አራት ኪሎ የሚያልፈውን ሌስ ፖል እንደ በዓል ዋዜማ ዶሮ ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑና «ይኼ ይሻላል፣ ሥጋ አለው» ሲሉ ፈረዱ።

ቀጥሎ የድምፅ ተራ ሆነ። የስትራቶካስተሩ ፒክአፕ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል በመሆኑ፣ የክሩን ንዝረት ሲቀበል በአካባቢው ያለውን የመብራት እዝዝታም አብሮ ይቀበላል። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው፣ ሌስ ፖሉ ላይ ያለው ሃምበከር የተባለ ፒክአፕ ግን ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያገናኝ እዝዝታው እርስ በርሱ ይጣፋል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከፍሪጁ ስታቢላይዘር አጠገብ ተተክሏል። ልጁ እዝዝታውን ለመሸሽ ስትራቶካስተሩን ታቅፎ ቀስ እያለ ሲዞር፣ ጸጥ ያለው አቅጣጫ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፊት ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ጀርባ ወደ እድሩ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ዘፈኑ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «ምነው ልጄ፣ አስቀየምንህ?» አሉት።

ሌሎቻችን ሙያዊ አስተያየት ሰጠን። አንዱ «ሙቀት አለው» አለ፤ ሌላው «ይደርቃል» አለ፤ ስለ የትኛው ጊታር እንደሚናገሩ አልተጣራም። ከዚያ መብራት ሄደ። ልጁ በጨለማ ውስጥ ሁለቱንም ያለ አምፕ ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ እንጨቱ ሲነዝር በጎድኑ እያዳመጠ ቆየ። ከምሽቱ ሁሉ እውነተኛው ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ እንግዶቹ ግን ጨዋታው ያለቀ መስሏቸው ወደ ቡናቸው ተመልሰዋል።

ያን ጊዜ ነው እስካሁን ዝም ብሎ የተቀመጠው የመኪና መካኒክ ጎረቤታችን በስልኩ ባትሪ የጊታሮቹን ጀርባ እያበራ «አንገቱ ይፈታል ወይ?» ሲል የጠየቀው። የስትራቶካስተሩ አንገት በአራት ብሎን ይፈታል። የሠራው ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ እንደነበረና ራሱ ጊታር መጫወት እንደማይችል ሲነገረው፣ መካኒኩ «ታዲያ ሠሪ ማለት እሱ ነው» አለ። የሌስ ፖሉ አንገት ግን በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ጭንቅላቱም ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ በጀርባው ከወደቀ እዚያው ጋ ይሰበራል። ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ! መካኒኩ ስለ መለዋወጫና ኋላ ሲሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ ለረጅም ጊዜ ተናገረ፤ ቤቱም በሙሉ ድምፅ ስትራቶካስተሩን መረጠ። እናትዬው ብቻ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ልጁ ሌስ ፖሉን ያዘ። ምክንያቱን ሲጠየቅ እጁን ከማሳየት በቀር ያለው ነገር የለም። መካኒኩ አሁንም ደረጃ ላይ ሲያገኘው፣ ስለ እናቱ ጤና ከመጠየቁ በፊት የጊታሩን አንገት ደህንነት ይጠይቀዋል።