አብሽር፣ ይለምዳል!

ለደሴ የኮራል (ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) አርቢዎች ክብር ይገባል። ከጦሳ ሥር፣ ጋቢ ተደርቦ በሚታደርበት ብርድ፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚሞቅ ባሕር በመስታወት ሳጥን ሳሎን ውስጥ ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ግን አዲሱ ኮራል የሚገባበት ፍጥነት ነው። ፌስታሉ ይቀደዳል፤ ኮራሉ ከነውሃው ዘጭ ይላል፤ ስልክ ይወጣል፤ ፎቶ ይነሳል። «ማሻአላህ!» አለቀ።

ሌላ አገር ያሉት እንዲህ አልታደሉም። መጀመሪያ ፌስታሉን እንደታሰረ 15 ወይም 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፍፉታል፣ ሙቀቱ እንዲስተካከል። ቀጥሎ የሁለቱንም ውሃ ጨው ይለካሉ፤ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ካልሆነ አይዋጥላቸውም። ልዩነት ካለ በቀጭን ቱቦ (የግሉኮሱም ይሆናል) ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ ያላምዱታል። ከዚያ በተለየ ዕቃ አዮዲን ወይም ለዚሁ የተሠራ መድኃኒት በጥብጠው፣ እሽጉ ላይ እንደተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይነክሩታል። እያርገፈገፉ ተባዩን ያስለቅቃሉ፤ በንጹሕ የጨው ውሃ ያለቀልቁታል። የፌስታሉንና የመንከሪያውን ውሃ ደግሞ ይደፉታል። ይደፉታል! ጀሪካን በሚሰለፍበት ከተማ እንዲህ ያለ ነውር ማን ይሠራል?

ወሎ ለሰው እንግዳ እግር ያጥባል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፣ ቡናውን እስከ በረካ ያደርሳል። ለኮራል ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ግባ፣ ቤትህ ነው! ከኋላው የተለጠፈውም ይግባ።

የተለጠፈው ማለቴ አክሮፖራ የተባለውን የኮራል ዓይነት የሚበላውን ጠፍጣፋ ትል ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ የሚበላውን ኮራል ቀለም ስለሚመስል ዓይን ላይ አይገባም። ኮራሉ ላይ ክብ ክብ የነጣ ንክሻ ይተዋል። እኛ ንክሻውን እናያለን፣ ኮራሉ ሲሞት እናዝናለን፣ ከዚያም ፍርዱ ይሰጣል፦ «ቡዳ በላው!» ባለፈው ቅዳሜ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ዓይኑን ከመስታወቱ ያልነቀለው ጎረቤት ይጠረጠራል። መበላቱስ በእርግጥ ተበልቷል። ቡዳው ግን ኮራሉ እግር ሥር እንቁላል ጥሏል፤ መድኃኒቱ ትሉን ቢያራግፍ እንኳ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ እነዚያ ምስኪኖች እንቁላሉን ይፍቃሉ፣ የተጣበቀበትን መቀመጫ ቆርጠው ይጥላሉ፣ ለብቻው አቆይተው ደጋግመው ይነክራሉ። እኛ ጎረቤቱን ካኮረፍን ይበቃናል።

በመብራት ጉዳይማ ቸርነታችን ወደር የለውም። ኮራሉን የሚመግበው ሥጋው ውስጥ ያለው፣ በብርሃን ምግብ የሚሠራ ረቂቅ አልጌ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ከታች፣ ደብዘዝ ካለው ቦታ ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጉታል። እኛ በመጣበት ቀን ከመብራቱ ሥር እንሰቅለዋለን። አልጌው ጥሎት ሲወጣ ኮራሉ ይነጣል፤ «ፈካ! አማረበት!» እንላለን።

ዞአንቲድ የተባለውን የኮራል ዘመድ በባዶ እጅ ለሚያገላብጠው ጀግናማ የተለየ ጭብጨባ ይገባዋል። አንዳንዱ ዝርያ ፓሊቶክሲን የተባለ ሰው የሚገድል መርዝ አለው፤ ጓንትና መነጽር የፈሪ ልብስ ነው እንጂ!

ደግሞስ ወሎዬ ብቻውን መቼ በላ? ከዚያው ከተነከሰው ኮራል ቅንጥብ ተቆርጦ፣ ከነመቀመጫው፣ ከነእንቁላሉ ኮምቦልቻ ላለ ወዳጅ ይላካል። የኮምቦልቻው ደግሞ ሲያድግ ባቲ ላለ ዘመዱ ሊያካፍል ቃል ገብቷል። የባቲው ዘመድ ገና የመስታወት ሳጥኑን እንኳ አልገዛም፤ ትሉ ግን ተመድቦለታል።