«ጠንቃቃ ነው» እያልን ያሳለፍናቸው ዓመታት

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለው፤ ቤቱ ግን ኮምቦልቻ ነው። ማታ ሱቁን ቆልፎ፣ ጓጉንቸሩን ጎትቶ ፈትሾ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ከመንገድ ይመለሳል። እንደገና ይጎትታል። አንድ ምሽት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ከሚኒባሱ ወርዶ በሌላ መኪና ደሴ ተመልሷል። በሩ እንደተቆለፈ ነበር። እኛ ቤተሰቦቹ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጠንቃቃ ነው»።

የጎዳን ይህ ቃል ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ኦሲዲ የሚሉት፣ በማይፈለግ ሐሳብና በተደጋጋሚ ድርጊት ሰውን የሚይዝ የአእምሮ ሕመም በእኛ አካባቢ የሚደበቀው በምስጋና ውስጥ ነው። እጇ በሳሙና ብዛት እስኪሰነጣጠቅ፣ አቦሉ እስኪቀዘቅዝ ሲኒ ደጋግማ የምታጥበው ሴት «ንጹሕ ናት» ትባላለች። ጀማዓው ሰግዶ ሲወጣ «ውዱኤ ፈርሶ ይሆን?» እያለ ገና ከቧንቧው ሥር ያለው ወጣት ፈሪሃ አላህ ያለው ይባላል። ትናንት የተናዘዘችውን ኃጢአት «አሟልቼ አልተናገርኩም» ብላ ዛሬም ወደ ንስሐ አባቷ የምትሄደውም እንዲሁ።

ንጽሕናም ጥንቃቄም ማብቂያ አላቸው፤ ሰው ይታጠባል፣ ይቆልፋል፣ ይረሳዋል። በዚህ ሕመም ግን ሐሳቡ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ያስፈራል፤ ሰውየው ፍርሃቱን ለማስታገሥ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ይቀለዋል፤ ከዚያ ጥርጣሬው በርትቶ ይመለሳል። አብዛኛው ታማሚ ነገሩ ከልክ ያለፈ መሆኑን ራሱ ያውቃል። ማወቁ ግን አያስቆመውም። ሐኪሞች ይህ ነገር በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ይወስድ እንደሆነ፣ ሥራንና ትዳርን ያውክ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ማብቂያና በወጣትነት ስለሆነ ወላጅ «ዕድሜው ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ከሁሉም የሚከብደኝ በዓይን የማይታየው ነው። «በዚህ ቢላ ልጄን ብጎዳውስ?» የሚል ሐሳብ ድንገት የመጣባትን አራስ አስቡ። ቢላውን ትደብቃለች፣ ከልጇ ጋር ብቻዋን መሆን ትፈራለች፣ ለማንም አትናገርም። እንዲህ የሚያስጨንቃት ሐሳቡ ከምትወደው ነገር ሁሉ ተቃራኒ ስለሆነ ነው፤ ምኞቷ አይደለም። ደፍራ ለአንዳችን ብትነግረን «ሰይጣን ገባባት» ካልናት ዳግመኛ አፏን አትከፍትም።

ወሎ ለዚህ ነገር የቆየ ቃል አለው፦ ወስዋስ። የእስልምና ሊቃውንትም «እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም» የሚል መርሕ አላቸው፤ ወስዋስ ያለበትን ሰው ጥርጣሬውን ንቆ እንዲያልፈው ይመክራሉ። ይህን ሕመም ከሐኪም ቀድመው የሚያዩት ኢማሞችና የንስሐ አባቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለአሥረኛ ጊዜ የመጣውን ሰው ለአሥረኛ ጊዜ ከማጽናናት ይልቅ ወደ አእምሮ ሕክምና ቢልኩት ትልቅ ውለታ ነው። ዱዓውና ጠበሉ ይቀጥል፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

ሕክምናው አለ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ውጤታቸው ለመታየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው መንገድ ሰውየው ከባለሙያ ጋር ሆኖ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየቀረበ፣ ማጠቡን ወይም መፈተሹን ግን እየተወ፣ ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ የሚለማመድበት ነው።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ጥፋት ይመጣል፤ የእኛም። ወንድሜ «ቆልፌዋለሁ?» ሲል «አዎ፣ ቆልፈኸዋል» እንለው ነበር። የጎረቤት ልጅ ልከን ያስፈተሽንበት ጊዜም አለ። ፍቅር መስሎን ነበር፤ ለካ ሕመሙን እየቀለብነው ኖረናል። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሄድን፤ ሐኪሙ ወንድሜንና እኛን አንድ ላይ አስቀምጦ አስማማን፦ ከእንግዲህ ለዚያ ጥያቄ መልስ የለም።

ባለፈው ሳምንት ከሐረጎ ላይ ደወለልኝ። «ቆልፌዋለሁ?» አለ። አንጀቴ እየተላወሰ፣ «የተስማማነውን ታውቃለህ፣ ወንድሜ» አልኩት። ዝም አለ። የሚኒባሱ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ «እሺ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ እደውልልሃለሁ» አለኝ። ሲደውል ስለ እራቱ ነበር የነገረኝ።