ወርቁ የትኛው እጅ ላይ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ልደታ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ወሬው የተነሳው በሌለ ሰው ላይ ነው። የሌለ ሰው ወሬ ደግሞ ከቡናው ይጥማል።

ሰውዬው ሁላችንም የምናውቀው ጠበቃ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቤትና ከቦታ ክርክር ሌላ ሥራ አልነካም። የውርስ ቤት፣ ሁከት ይወገድልኝ፣ የስም ዝውውር፣ የካሳ ጉዳይ፣ ሁሉም እሱ ጋ ነበር። ዘንድሮ መስከረም ላይ ፋይሎቹን ለጓደኛው አስረከበና ቢሮውን ዘጋ። ክፍለ ሀገር ወርዶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊያስተምር፣ በዚያውም ጥናት ሊሠራ ገባ።

"አበደ!" አለ ደላላው። ደላላ ስለው እንዳይቀየመኝ፤ እሱ ራሱን "የሪል ስቴት አማካሪ" ነው የሚለው። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። አለቀ።"

እንዴት አለቀ? ገና ሁለተኛው ስኒ እንኳ አልቀረበም።

"አንድ የቦሌ ቤት ክርክር ቢይዝ የአስተማሪ የዓመት ደሞዝ ያገኛል" ብሎ ቀጠለ። "ተማሪ ምን ይከፍለዋል? ሰላምታ? መኪናውን ሸጧል አሉ፤ አሁን በባጃጅ ነው አሉ።" ባጃጅ የሚለውን ቃል ሲጠራ ፊቱ ላይ የታየው ሐዘን ለቀብር ይበቃል።

የጠበቃው ጸሐፊ የነበረችውም አብራን ነበረች። ስኒዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እርስዎ ለምን እንደሄደ አያውቁም" አለችው።

እሷ እንደነገረችን አንዲት እናት ቤት ገዝተው ነበር፤ ውሉ የተጻፈው ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ነው። ሦስት ምስክር ፈርሟል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ እሳቸውም ዘጠኝ ዓመት ኖረውበታል። የቤት ዋጋ ሲሰቀል ሻጩ ተመልሶ መጣ። ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ አልተመዘገበም፣ ይፍረስልኝ አለ። የሻጩ ጠበቃ የኛ ሰው ነበር። አሸነፈ። ፍርዱ ሲነበብ ሴትዮዋ ወረቀታቸውን አራት አጥፈው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሲወጡ ጠበቃውን አዩትና "ጎበዝ ነህ ልጄ" አሉት። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

"ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ሲገባ በሩን መዝጋት አመጣ" አለች።

"ታዲያ አሸንፎ የለ? ወርቅ ማለት ይሄ ነው" አለ ደላላው። "በእጅ የያዙት ወርቅ..."

ነገሩ ግን ከአንድ ሰው ጸጸት ያልፋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊትም ይመዝገብ ይላል። ስለ ቤት ሽያጭ በተለይ የሚናገረው ቁጥር 2877 ግን የሚጠይቀው ጽሑፍ ብቻ ነው። ቁጥር 2878 የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚያነሳው ለሦስተኛ ወገኖች፣ ከገዢና ከሻጭ ውጪ ላሉት፣ ሲል ነው። ያ መዝገብ የሚተዳደርበትን ክፍል፣ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ያለውን፣ ሕጉ ራሱ በቁጥር 3363 ቀኑ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ይቆይ ብሎ አስተኝቶታል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ 818 የመጣው በ2006 ነው። በመሃል ሕዝቡ በደብተር ወረቀት ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ቁጥር 1723ን ይዞ ያለምዝገባ ውል አይጸናም ብሎ ተረጎመ፤ በ1997 የወጣው አዋጅ 454 ደግሞ የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ጠበቃው አሁን ቁጭ ብሎ የሚመረምረው ይህንን ቋጠሮ ነው። የነጠላዋን ቋጠሮ በሉት።

ደላላው አዛጋ። "ወረቀት በወረቀት ላይ መጻፍ" አለ።

አራተኛው ወጣት ነው፤ ሕግ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። "እኔን የንብረት ሕግ ያስተማረኝ ሰው በሕይወቱ ካርታ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም" አለ። ታናሽ ወንድሙ አሁን የጠበቃው ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሰውዬው መጽሐፍ አልከፈተም አሉ። ስሙ የተሰረዘ የሳይት ፕላን ኮፒ አደለና ሜትር አስይዞ አንድ ግቢ ወሰዳቸው። ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ሲለካ 248 ሆነ። "አርባ ስምንቱ የማን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ግማሹ ተማሪ የባለቤቱ ነው፣ ግማሹ ተማሪ የጎረቤቱ ነው አለ። አንዷ ብቻ ሕገ መንግሥቱን፣ አንቀጽ 40ን ጠራች፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም የሚለውን። እስኪመሽ ተከራከሩ።

"ትርፍ ይዞታ ነዋ!" አለ ደላላው፣ አንድ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ስለመጣለት ደስ ብሎት። ቀጥሎ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሳ። እዚህ ላይ እንኳ እውነት አለው፤ የጠበቃው ሚስትም ነገሩን በእልልታ አልተቀበለችውም። ግን ይህችን አንዲት እውነት ይዞ መቀጠል ሲችል፣ "ምን ላድርግ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ብሎ ተመልሶ እዚያው ወደቀ።

ትዕግሥቴ አለቀ። "ተረቱስ ልክ ነው፤ ወርቁን ግን አላወቅኸውም" አልኩት። አሥራ ሰባት ዓመት ችሎት ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው ወርቁ። ያንን ለከፈለ ብቻ እየመነዘረ ሲኖር ነው እንደ መዳብ የቆጠረው።

የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ስድስት ኪሎ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል አሜሪካዊ ነበር። ያኔ የሚያስተምረን ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር። ዛሬ የራሳችን ሰው ከልደታ ተነስቶ ሲሄድ አበደ እንላለን። ድሮ በሰርግ ዘፈን እንኳ አስተማሪ ያገባት ሙሽራ ትወደስ ነበር። አሁን አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ አከራይዋ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ ሌላ ሥራ የለህም ወይ ትለዋለች። የሚያውቀውን ሁሉ ወደሚከፍለው ገፍተን፣ ልጆቻችን ምንም አያውቁም ብለን ደግሞ እናማርራለን።

ይህን ሁሉ ስናገር ጸሐፊዋ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጠኝ ነበር። ያልነገርኳት አለ። አምና ልጄ አንድ ወጣት ይዛ ቤት መጣች። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው አለች። እኔም ቡና እየተቀዳ "ማስተማር ብቻ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሁለተኛውን ሳይጠጣ ሄደ።