ውዳሴ ለወንበር አልባው ቢሮ

ማንም ቋሚ ጠረጴዛ የማይኖረውን የዘመኑን ተለዋዋጭ ቢሮ የነደፉትን ባለሙያዎች የማያመሰግን ሠራተኛ ውለታ ቢስ ነው። ለረጅም ዘመን ከአንድ ጠረጴዛ ጋር ታስሮ የኖረውን ሰው ፈትተው፣ ጠዋት በሩን ሲገባ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ነፃ ፍጡር አድርገውታልና። የልጆቹ ፎቶግራፍና በመሳቢያው ያጨቀው ኮተት ከባድ የመንፈስ ሸክም እንደነበሩ የገባን ሁለቱም ከተወሰዱብን በኋላ ነው።

የዚህ ጥበብ አርአያ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በአምስተርዳም የተጠናቀቀው ዘ ኤጅ የተባለው ሕንፃ ሲሆን፣ ለ2,500 ያህል ሠራተኞች 1,000 ያህል ጠረጴዛዎች ተዘጋጅተውለታል፤ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሴንሰሮች ብርሃኑንና ሙቀቱን ይከታተላሉ፤ ባዶ ቦታ ፈልጎ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያም አለው። (በኃይል ቁጠባው በእውነት የሚደነቅ ሕንፃ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።) የእኔ ልዩ አድናቆት ግን ለተከታዮቹ ነው፤ ሴንሰሩን፣ መተግበሪያውንና የፀሐይ ኃይሉን ትተው የጠረጴዛውን ማነስ ብቻ በታማኝነት ለቀዱት። በእነዚህ ዘንድ የሴንሰሩን ሥራ የሚሠራው ማልዶ ደርሶ ለጓደኛው ወንበር ላይ ሹራብ የሚጥለው ሠራተኛ ነው።

ሐሳቡ አዲስ ነው የሚሉን እንዳይሳሳቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሎስ አንጀለስ የነበረው ቺያት ዴይ የተባለ የማስታወቂያ ድርጅት የሠራተኞቹን ቋሚ ጠረጴዛ አስቀርቶ ኮምፒውተርና ስልክ በየጠዋቱ እያዋሰ ማሠራት ጀምሮ ነበር። ሰነዳቸውን በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ እስከ ማኖር ደረሱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ድርጅቱ ነገሩን ተወው። ለነፃነት የሚከፈለውን ዋጋ ያልቻሉ ደካሞች!

ግድግዳው ሲወድቅ ሰው ይቀራረባል የሚለው ትንቢትም ግሩም ሆኖ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወደ ክፍት ቢሮ በተዛወሩ ሁለት ኩባንያዎች የፊት ለፊት ንግግር በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ ኢሜይል መጨመሩን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጨዋ ጸጥታ በግድግዳ ዘመን ከወዴት ይገኝ ነበር?

የሁሉም መሠረት ጠረጴዛ ቀኑን ሙሉ ባዶውን መዋል የለበትም የሚል ቅዱስ ሒሳብ ነው። ከዚህ በረከት የተገለሉት የበላይ ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ ስለ ሠራተኛው ነፃነት ሲሉ የራሳቸውን ሠውተው፣ ስማቸው በተለጠፈበት፣ በር ባለው ክፍል ይማቅቃሉ። ለሳምንት ጉዞ ሲወጡ ወንበራቸው ባዶውን ይከርማል፤ ሒሳቡን እዚያ ድረስ ወስዶ ሹራቡን የጣለበት ግን እስካሁን አልተገኘም።