ችግሩ ርቀቱ አይደለም
«አየርላንድ ትንሽ ስለሆነች የጭነት ባቡር አያዋጣትም» የሚለው የዚህ ስለ አየርላንድ ባቡር የተጻፈ ጽሑፍ አባባል አልተዋጠልኝም። ሰሜን ምዕራብ ካለችው ከባሊና ኮንቴይነር ጭኖ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ዋተርፎርድ ወደብ የሚወርደው ባቡር እኮ አገሪቱን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ራስ ምታቱ ሌላ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1600 ሚሊሜትር ስለሆነና ከአብዛኛው አውሮፓ ሐዲድ ስለሚሰፋ ያገለገለ ፉርጎ ከአውሮፓ ገዝተህ እንዳለ አታሰማራም። ኮንቴይነሩ ከባቡር ወርዶ እንደገና መኪና ላይ ሲጫንም ለክሬኑ ይከፈላል፣ ሰዓቱም ይሄዳል። እኔ ከሊመሪክ ከተማ ወደ ፎይንስ ወደብ በከባድ መኪና ስመላለስ ሐዲዱን ቁጥቋጦ ውጦት ነበር፤ ያንን 42 ኪሎ ሜትር መልሶ መሥራት የተጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከላይ ባለው አስተያየትህ ባቡር የማይሄድበትን የአተንራይ–ክሌርሞሪስን የባቡር መስመር «ለብስክሌት ይዋል» ያልከው ወንድሜ፣ አንዴ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ማን ደፍሮ ያነሳዋል?